ሾፌሬ «ልጅ የሚይዝልኝ የለም» ይለኛል

ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። አምስት ትራክ አለኝ። አንዱን ራሴ እነዳለሁ፣ አራቱን ያገሬ ልጆች ይነዱልኛል። ለዓመታት በሰው መኪና ላይ ለፍቼ ባጠራቀምኩት ብር ነው የጀመርኩት።

አንዱ ሾፌሬ ትዕግሥቴን ጨርሶታል። ሰውየው ጎበዝ ነው። አይዋሽም፣ መኪና አያበላሽም። ግን ሜክሲኮ ድንበር ላይ ወዳለችው ላሬዶ የሚሄድ ሎድ (ጭነት) ስይዝለት «ዛሬ አልችልም፣ ልጅ የሚይዝልኝ የለም» ይላል። ሚስቱ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እሷ ስትወጣ እሱ ቤት መገኘት አለበት። ባለፈው ሂውስተን ሄዶ መጋዘኑ ሳይጭንለት ግማሽ ቀን አቆመው። ዴይኬሩ (የልጆች ማቆያው) ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል ብሎ እየበረረ መጣና ጭነቱን ሳያደርስ ትሬለሩን ግቢዬ አቁሞት ሄደ። ጭነቱን ያገናኘኝ ብሮከር ከክፍያዬ ቆረጠብኝ።

እኔስ ልጅ የለኝም? አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ወጥቶ ስንት ጊዜ ይቆይ ነበር! ልጆቹን ማን ይይዛል ብሎ የጠየቀው አለቃ አልነበረም። እኛም አድገናል። ባለቤቴ እንኳ ዲስፓቹን፣ ማለት ሎድ መፈለጉንና ሾፌሮቹን ማሰማራቱን፣ ቤት ሆና ትሠራልኛለች። ትንሹ ልጃችን ገና ጡት አልጣለም፤ እሱን አቅፋ ነው ከብሮከር ጋር የምታወራው። አንዳንዴ ሲያለቅስባት ስልኩን ትዘጋና ሎድ ያመልጠናል፤ ግን አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። እናቴን ላስመጣላት ሞክሬ ነበር፣ ቪዛ ተከለከለች።

አሁን ደግሞ ሾፌሮቹ ተመካክረው መጡ። ሌላ ያገር ልጅ ለሾፌሮቹ የዴይኬሩን ግማሽ ይከፍላል አሉኝ። የጭነት ዋጋ ወርዶ፣ ኢንሹራንስ ሰማይ ነክቶ ባለበት ጊዜ! ሁሉንም የምከፍላቸው በ1099 ነው፣ ማለት እንደ ግል ተቋራጭ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመለከተኛል? ብሰጥስ ልጅ የሌላቸው ሁለቱ ቅር አይላቸውም? አንዴ ከጀመርኩ ማቆም እችላለሁ? ወይስ ሰውየውን በሰላም ላሰናብተው?

ባለ አምስት መኪናው

መልስ

ወንድሜ፣ እንደ ታናሼ አይቼህ አንተ ልበልህ። ስለ ሾፌሩ ብዙ ጻፍክ። ስለ ባለቤትህ የጻፍከው ጥቂት መስመር ነው። እኔ የቀረሁት እዚያ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ጠዋቷን አስበው። ሕፃኑ ጡት ይዟል። ብሮከሩ ስልክ ላይ ዋጋ ይከራከራታል። በሌላው ስልክ መጋዘን በር ላይ የቆመ ሾፌር «ምን ላድርግ?» ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያየችው ጥሩ ሎድ እሷ ሕፃኑን እስክታስገሳ ሌላ ሰው ወስዶታል። ይህን ሥራ የውጭ ዲስፓቸር ቢሠራልህ ከየሎዱ ፐርሰንት ትከፍለው ነበር። ለእሷ ስንት እንደምትከፍላት አልጻፍክም። አጉረምርማ አታውቅም አልከኝ። ደክሞሻል ወይ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ኩባንያህ ውስጥ ልጅ የሚይዝላቸው ያጡ ሁለት ሰዎች አሉ። በሁለቱም ምክንያት ገንዘብ ታጣለህ። ሾፌሩን ግን ልታባርረው ታስባለህ፣ ሚስትህን ደግሞ በትዕግሥቷ ታመሰግናታለህ። ይህ ልክ አይደለም፤ ለማለት አላፍርም።

የአባትህን ነገር አነሳህ። እሱ አሰብ ሲመላለስ እናንተን ማንም አልያዛችሁም ማለት ነው? እናትህ ነበረች። አክስት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረ፣ ምናልባት የቤት ሠራተኛም ነበረች። አለቃው ያልጠየቀው እነዚያ ሁሉ ሴቶች ያለ ደመወዝ ስለያዙለት ነው። ጋርላንድ ውስጥ አክስት የለም። አንተም ይህ ጠፍቶህ አይደለም እናትህን ልታስመጣ የሞከርከው። እግዜር ጤና ይስጣቸውና እናትህ ቢመጡም እኮ ለልጅ ልጃቸው አያት እንጂ የኩባንያህ ሞግዚት አይደሉም።

ወደ ሾፌሩ ልምጣ። ሕጉን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት፣ ከዚያ 10 ሰዓት እረፍት። መጋዘኑ በር ላይ የቆመበት ጊዜ ከ14ቱ ላይ ይበላል። እንግዲህ ይህ ሰው 80,000 ፓውንድ ሊደርስ የሚችል መኪና እየነዳ፣ አንድ ዓይኑ የመንዳት ሰዓቱን በሚመዘግበው ኢኤልዲ ላይ፣ አንድ ዓይኑ የዴይኬሩ መዝጊያ ሰዓት ላይ ነው። የብሮከሩ ቅጣት ትንሹ ነገር ነው። እንዲያ እየበረረ ሲመጣ አንድ ነገር ቢፈጠርስ ኖሮ?

ላሬዶ ከዳላስ 430 ማይል ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ በ11 ሰዓት አይነዳም፤ ማደር ግድ ነው። ሚስቱ ሌሊት ለምትሠራ አባት ይህን መስመር ስትሰጠው ምን እንዲመልስልህ ጠብቀህ ነው? ዴይኬር ብትከፍልለትም ሌሊቱን የሚያድርበት ዴይኬር ማግኘት ከባድ ነው። ልጅ የሌላቸው ሁለቱ ረጅሙን መስመር ይያዙ። የምትከፍላቸው በማይል ከሆነ ማይሉም ብሩም የነሱ ነው፣ ለምን ቅር ይላቸዋል? እሱ ሂውስተንና አካባቢውን ይሥራ፤ ጠዋት በጊዜ ወጥቶ፣ ጭነቱን አድርሶ ማታ ይግባ። ጭነት የሚያቆዩ መጋዘኖችን አንተም ባለቤትህም በስም ታውቋቸዋላችሁ፤ እዚያ አትላኩት።

ገንዘቡን በተመለከተ «ይመለከተኛል?» ብለሃል። በጣም ይመለከትሃል። በ2025 የጸደቀው የፌዴራል የታክስ ሕግ ለትንንሽ ኩባንያዎች ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል። ከ2026 ጀምሮ አንድ ትንሽ ኩባንያ ፈቃድ ካለው የልጆች ማቆያ ጋር ተዋውሎ ለሠራተኞቹ ሲከፍል፣ ካወጣው ግማሹን ከታክሱ ላይ ማስቀነስ ይችላል። 10,000 ዶላር ብታወጣ፣ ታክስ ካለብህ፣ 5,000 ይቀነስልሃል። ትልቁ ኩባንያ 40 ፐርሰንት ነው የሚያገኘው። ለሠራተኛው ለራሱ ደግሞ፣ በኩባንያው በኩል በደንቡ ለልጅ መያዣ የሚከፈልለት እስከ 7,500 ዶላር በዓመት እንደ ገቢ አይቆጠርበትም፤ ድሮ 5,000 ነበር።

ግን ይህ ሁሉ ለሠራተኛ ነው። በ1099 የሚከፈለው ሰው በወረቀት ሠራተኛህ አይደለም። የአንተን መኪና የሚነዳ፣ አንተ የያዝክለትን ሎድ የሚጭን፣ እምቢ ሲል «ላሰናብተው?» የምትለው ሰው እንዴት ነው ሠራተኛህ የማይሆነው? ደብልዩ 2፣ ማለት በደመወዝ የተቀጠሩ ሠራተኞች፣ አድርጋቸው። ወጪ እንዳለው አውቃለሁ። ዝም ብለህ ብትቆይ የሚመጣው ጣጣ ይብሳል። ሂሳብ ሠሪህን ከመፈረምህ በፊት አማክረው፤ ስለ ባለቤትህም ጨምረህ ጠይቀው፣ ለኩባንያው ባለቤት ቤተሰብ ደንቡ ጠበቅ ይላል።

ማቆም እችላለሁ ወይ ላልከው፣ «ግማሹን» ብለህ አትጀምር። የዴይኬሩ ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጎትትሃል። በልጅ ይህን ያህል ብር በወር፣ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያ ተነጋግረን እናድሳለን ብለህ በወረቀት ጻፈው። በእጅ በካሽ አትስጥ፤ ታክሱም አይቀነስልህም፣ ነገ ለአንዱ ሰጥቶ ለአንዱ ነሳ መባልም ይመጣል።

ማቆያው የግድ ትልቅ ሕንፃ መሆን የለበትም። ቤታቸው ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ልጅ የሚይዙ ያገራችን ሴቶች ሞልተዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የምትከፍት አንዲት ሴት ለሾፌር ከሁሉም ትሻላለች፤ ልጁም በአማርኛ እየተቆጡት ያድጋል። ብቻ በስቴቱ የተመዘገበች መሆኗን አይተህ ተዋዋል። ቴክሳስ ይህን ይጠይቃል፣ የታክስ ቅናሹም ያለሱ የለም።

ሰውየውን አታሰናብተው። የማይዋሽና መኪና የማያበላሽ ሾፌር አግኝተህ በልጆቹ ምክንያት ብትለቀው፣ ያ ግማሽ የሚከፍለው ያገር ልጅ በነጋታው ይወስደዋል።

ሰኞ ጠርተህ የሂውስተንን መስመር ስጠው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ በል። በቀን ስንት ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው እንደምትፈልግና ለዲስፓቹ ስንት ደመወዝ ይገባኛል እንደምትል ጠይቃት። የምትልህን ሁለት ቁጥር ሳትከራከር ጻፍና ለሾፌሮቹ ከምትመድበው ብር አስቀድመህ እሱን መድብ።