ታዋቂ ቀዶ ሐኪም ለካንሰር ማኅበር በምን ይጠቅማል?

እህታችን ያቀረበችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የካንሰር ታማሚዎችን የሚደግፍ አነስተኛ ማኅበር አላቸው። አንድ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም በቦርዱ እንዲገቡላቸው ሊጋብዙ ነው። ከአባላቱ ከፊሉ «ስማቸው ብቻ ገንዘብ ያመጣል» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ጊዜ የላቸውም፣ ለፎቶ ብቻ ነው የሚሆኑን» ብሎ ይከራከራል። ታዲያ እሳቸውን ምን ብንጠይቅ ነው የሚሻለው?

ለረጅም ዓመታት በጡት ቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በአንድ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ለምርምር ገንዘብ የሚመድበው ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ። ከሁለቱም ቦታ ሆኜ ሳየው ክርክራችሁ ዋናውን ነገር የዘለለ ይመስለኛል። ስም ገንዘብ ማምጣቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ከማንም በላይ የሚያውቀው ሕክምናው ራሱ ታካሚውን የቱ ላይ ከሚገባው በላይ እንደሚጎዳውና ገና ያልተመለሰው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

ለዚህ ከጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ከኡምበርቶ ቬሮኔዚ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1925 ሚላን ተወለዱ፤ በዚያው ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሠርተው በኋላም ዳይሬክተሩ ሆኑ። ሥራ ሲጀምሩ የጡት ካንሰር የተገኘባትን ሴት የሚጠብቃት ቀዶ ሕክምና አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፉት ነበር። ጡቱ እንዳለ ይወጣል፣ ከሥሩ ያሉት የደረት ጡንቻዎችም፣ የብብት ንፍፊቶችም (በማንም ሰው ብብት ውስጥ ያሉ፣ በሽታን የሚከላከሉ ትንንሽ ፍሬ መሰል አካላት) አብረው ይወጣሉ። ዕጢው ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብሎ የሚለይ አልነበረም፤ ብዙ በተቆረጠ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይጨምራል ተብሎ ይታመን ነበርና።

ቬሮኔዚ ይህንን እምነት ለፈተና አቀረቡት። ከ1973 እስከ 1980 ድረስ ዕጢያቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በብብታቸውም አብጦ የተዳሰሰ ንፍፊት የሌለባቸው 701 ሴቶች በጥናቱ ተካተቱ። 349ኙ የሃልስቴድ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ደረሳቸው። ለ352ቱ ደግሞ ዕጢው ያለበት የጡት ሩብና የብብት ንፍፊቶቹ ብቻ ወጥተው ጨረር ተጨመረላቸው። ማን ወደየትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት በ1981 ታተመ። በ2002 የ20 ዓመቱ ክትትል ይፋ ሲሆን በጡት ካንሰር የሞቱት ከመጀመሪያው ቡድን 24.3 በመቶ፣ ከሁለተኛው 26.1 በመቶ ነበሩ፤ ይህ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት አያልፍም። እርግጥ ጡታቸው ከተረፈላቸው መካከል በ30 ሴቶች ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት ተመልሷል፣ ከሌላው ቡድን ግን በቦታው የተመለሰባቸው 8 ብቻ ናቸው። ይህን ለታካሚ ሳይደብቁ መንገር ግድ ነው። በአሜሪካ ቀዶ ሐኪሙ በርናርድ ፊሸር 1,851 ሴቶችን ይዘው ያካሄዱት ጥናትም በዚያው ዓመት ከዚሁ ጋር የሚስማማ የ20 ዓመት ውጤት አሳይቷል።

አንድ ሰው ዝና ያገኘበትን ሙያ እንዲህ እንዲቀንስ ማድረጉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልብ በሉ። ሰፊውን ቀዶ ሕክምና በጥበብ መሥራት ለዓመታት የተለማመዱት፣ ለተማሪ የሚያስተምሩት፣ የሚከበሩበት ነገር ነበር። እሳቸው ግን አላስፈላጊ መሆኑን ለማሳየት ደከሙ። እዚያም አላቆሙም። ሁሉንም የብብት ንፍፊቶች ከማውጣት ይልቅ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስበትን ንፍፊት ብቻ አውጥቶ መመርመር፣ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹን መተው እንደሚቻል ያሳየውን የ516 ሴቶች ጥናት በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። ይህ ለኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። የብብት ንፍፊታቸው ሁሉ ወጥቶ ክንዳቸው ያበጠባቸውን ብዙ ሴቶች ተንከባክቤአለሁ። ካንሰሩ ለቋቸው እያለ የልብሳቸው እጅጌ አልገባ ይላቸዋል፣ ልጅ ማቀፍ ይከብዳቸዋል፣ ትንሽ ጭረት ቁስል ሆኖ ትኩሳት ያመጣባቸዋል። «ድነሽ የለ እንዴ» የሚላቸው ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ወደ ማኅበር ነገር ልመለስ። የ701ዱ ሴቶች ጥናት ከመጀመሩ 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ቬሮኔዚ ከጁሴፔ ዴላ ፖርታ ጋር ሆነው የጣሊያን የካንሰር ምርምር ማኅበርን መሥርተዋል። ማኅበሩ ከሕዝብ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለተመራማሪዎች ያከፋፍላል። በጎ ፈቃደኞቹ በእናቶች ቀን በየአደባባዩ አዛሊያ የሚባለውን አበባ፣ በጥር ወር ደግሞ ብርቱካን ይዘው ይወጣሉ። ማኅበሩ በሳቸው ስም አልተሰየመም። በስማቸው የተጠራው ፋውንዴሽን የመጣው በ2003 ነው፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ። በመካከሉ የአውሮፓ የኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ትምህርት ቤትን መሥርተዋል፣ የአገራቸው የጤና ሚኒስትርም ሆነዋል። በ2016 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ የ1965ቱ ማኅበር ሥራውን አላቆመም። በአንድ ሰው ስም ላይ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

እኔ ባለሁበት ኮሚቴ ያሉት ቀዶ ሐኪም ለንግግር ብዙ አይጋበዙም፣ ገንዘብ በማሰባሰብም ጎበዝ የሚባሉ አይደሉም። ግን የምርምር ማመልከቻ ሲቀርብ ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ ውጤቱ «አዎ» ቢሆን ቀዶ ክፍል ውስጥ ምን ቀይሬ እሠራለሁ፣ «አይ» ቢሆንስ? በሁለቱም መልስ ምንም የማይቀየር ከሆነ ማመልከቻው የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘቡ ለሌላው ይሂድ ይላሉ። ይህ ጥያቄ ስንት ብር ከብክነት እንዳዳነልን እኛ ነን የምናውቀው።

እንግዲህ እህቴ፣ እኚህን ሐኪም ከመጋበዛችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። ከሚሠሯቸው ቀዶ ሕክምናዎች ወደፊት ባይኖር የሚሉት የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዘርዝረው ከመለሱላችሁ እጃቸውን አትልቀቁ። ስለ ሠሯቸው ትልልቅ ሥራዎች ብቻ ካወሩ ለዓመታዊ በዓላችሁ የክብር እንግዳ ይሁኑ፣ ይበቃል።

ከገቡም በኋላ ሊቀመንበር አታድርጓቸው። የቼክ ፊርማና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጊዜያቸውን ይበላል፣ ያንን የሚሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም። የራሳቸው ክፍል ወይም ተማሪያቸው ገንዘብ ሲጠይቅ ከውሳኔው እንደሚወጡ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ይህን ስትጠይቁ የሚቀየም ሐኪም ቢኖር አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። የአገልግሎት ዘመናቸውም ገደብ ይኑረው። አባላት ደግሞ በእሳቸው በኩል ወረፋ ለመዝለል እንዳይሞክሩ ከወዲሁ ንገሯቸው። ሕመምተኛ ባለበት ቤት ፈተናው ከባድ ነው፣ አልፈርድም፤ ግን አንድ ጊዜ ከተጀመረ ሐኪሙ ከማኅበሩ ስልክ መሸሽ ይጀምራሉ። የቦርድ ስብሰባውን ቀን ስትወስኑም ቀዶ ሕክምና የሚሠሩበትን ቀን ጠይቃችሁ ሌላ ቀን አድርጉት፤ ያን ቀን መቼ ከቀዶ ክፍል እንደሚወጡ እሳቸውም አያውቁትም።