ፕራይመሩ አልተደፈጠጠም ማለት ግፊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሌሎችም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። ጠመንጃህ ባለ 22 ኢንች በርሜል ሆኖ 30-06 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው። ቤትህ ባለ 165 ግሬን (ግሬን ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) አረር ያለው ጥይት ራስህ ትሞላለህ፤ ቀለሆቹን የለቀምካቸው ከተኩስ ሜዳ ነው። የጥይት መሙያ መመሪያ መጽሐፉ ከሚሰጠው የባሩድ ጣሪያ ገና አንድ ግሬን ተኩል ይቀርሃል። የአረር ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ ግን 2,900 ጫማ በሰከንድ እያሳየህ ነው። መጽሐፉ በ24 ኢንች በርሜል፣ ያውም ጣሪያው ላይ፣ የሚያሳየው 2,850 ነው። ፕራይመሮቹ፣ ማለትም ቀለሁ ቂጥ ላይ ሆነው መርፌው ሲመታቸው ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት፣ ጠርዛቸው ክብ ነው፤ ቦልቱም (የጠመንጃው መቀርቀሪያ) በቀላሉ ይነሳል። «እስከ ጣሪያው ልቀጥል ወይ?» ነው ጥያቄህ።

አትቀጥል። እንዲያውም ወደ ኋላ ተመለስ።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር የተማርነው ቀለህ በማገላበጥ ነው። ፕራይመሩ ተደፍጥጧል? መርፌው የመታው ቦታ ዙሪያውን ከንፈር አውጥቷል? ቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት አለ? ቦልቱ ሲነሳ ይይዛል? ምልክቶቹ ውሸት አይደሉም። ችግራቸው አርፍደው መምጣታቸው ነው።

የአሜሪካ ጥይት አምራቾች መለኪያ የሚያወጣው ሳሚ ለ30-06 የሰጠው የግፊት ጣሪያ 60,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። 270 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት የ30-06 ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የቀለሁ ቂጥ ያው ነው፣ ፕራይመሩም ያው ነው። የእሱ ጣሪያ ግን 65,000 ነው። ታዲያ ያንተ ጥይት 64,000 ቢገባ ፕራይመሩ ምን ብሎ ይናገር? በ270 ውስጥ የዘወትር ሥራው ነው። 30-30 የሚባለውን ጥይት ይዞ ፕራይመር የሚመረምር ሰውማ የባሰ ነው። የ30-30 ጣሪያ 42,000 ብቻ ነው። ቀለሁ አንድ ነገር እስኪያሳየው ድረስ ጠመንጃው ከተሠራለት በላይ ብዙ ተሸክሟል።

ተቃራኒውም አለ። የአንዳንዱ ፋብሪካ ፕራይመር ለስላሳ ስለሆነ ግፊቱ ልክ ሆኖ እያለ ይደፈጠጣል። የቀለሁን ትከሻ በዳዩ (ቀለሁን ቅርጽ በሚያስይዘው መሣሪያ) ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከገፋኸውም እንዲሁ። የመርፌው ቀዳዳ ሰፋ ካለ ደግሞ ያ ከንፈር በመጠነኛ ግፊትም ይወጣል። በዚህ ተደናግጦ ደህናውን ጥይት የፈታ ሰው አውቃለሁ።

አንተ ግን ከፕራይመር የተሻለ ምስክር በእጅህ አለ፤ ክሮኖግራፍህ። ባሩዱ ያው፣ የአረሩ ክብደት ያው ከሆነ ትርፍ ፍጥነት ከባዶ አይመጣም። የሚመጣው ከግፊት ነው። በርሜልህ በሁለት ኢንች ያጥራል፤ በ30-06 አንድ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ካንተ ጠመንጃ ጣሪያው ላይ መጠበቅ የነበረብህ 2,800 አካባቢ ነው። ጣሪያው ሳትደርስ በ100 ጫማ አልፈሃል። ይህ 3.5 በመቶ ነው። ግፊት ደግሞ ከፍጥነት በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚሮጠው። መጽሐፉ ጣሪያው ላይ 60,000 ደርሶ ከነበረ፣ አንተ 64,000 አልፈሃል ማለት ነው። ግምት ነው፣ ላቦራቶሪ የለንም። ግን ግምቱ በየትኛው በኩል እንዳዘነበለ ግልጽ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን ጠርጥር። ፍጥነቱን የምታውቀው የፋብሪካ ጥይት ተኩስና ክሮኖግራፉ ትክክል ይናገር እንደሆነ እይ። ብርሃን የሚያነቡት ዓይነቶች በደመናና በጥላ ይሳሳታሉ። ሚዛንህንም በመለኪያ ክብደት ፈትሽ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ቀለሆቹን ነው። ግድግዳቸው የወፈረ ቀለህ ውስጡ ጠባብ ነው፤ ያው ባሩድ በጠበበ ቦታ ሲነድ ግፊቱ ይወጣል። ከሜዳ የተለቀመ ደግሞ ድብልቅልቅ ነው። በቂጡ ጽሑፍ ለያቸውና ባዶውን መዝናቸው። ልዩነታቸው ትልቅ ከሆነ መልሱን አገኘኸው። ርዝመታቸውንም ለካ፦ የ30-06 ቀለህ ከ2.494 ኢንች ማለፍ የለበትም። ካለፈ አንገቱ ከበርሜሉ መግቢያ ጋር ተጣብቆ አረሩን አንቆ ይይዛል። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ አረሩ ሙሉ መዳብ ነው ወይስ እርሳስ ያለበት? መዳቡ ለዚያው ክብደት ስለሚረዝም የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ የራሱን የመጽሐፍ ገጽ ይፈልጋል። አረሩ ከበርሜሉ ጥርስ ጋር ተነካክቶ ከተቀመጠም፣ ፕራይመሩ ማግነም የሚባለው ኃይለኛው ዓይነት ከሆነም ግፊት ይጨምራል። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ ጥይት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይወጣል፤ እንደ ኤች 4350 ያሉት ሙቀትን ይበልጥ የሚቋቋሙ ሲሆኑ ሌሎቹ ግን ብዙ ይለዋወጣሉ።

ከእነዚህ አንዱን ከቀየርክ ከመጽሐፉ መነሻ ጀምር። መነሻው ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው 10 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። ከመነሻውም በታች አትውረድ፤ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሲያንስም አደጋ አለው። በትንሽ በትንሹ ውጣ። ፍጥነቱ ለበርሜልህ ርዝመት የሚገባው ላይ ሲደርስ እዚያው ቁም። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ከመጽሐፉ ጣሪያ ቢያንስም የአንተ ጣሪያ እሱ ነው።

የሞላሃቸውን የቀሩትን አትተኩሳቸው። መዶሻ በሚመስለው የጥይት መፍቻ መሣሪያ ፍታቸው፣ አረሩ አይበላሽም። የቀለሆቹን ቂጥ ፎቶ፣ የባሩዱንና የፕራይመሩን ስም እዚሁ ለጥፍልኝ፤ አብረን እናያለን።