ስለ ውፍረት የጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ውፍረት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቼ።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሶ መልስ በእግሬ መሄድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሄዱን እንዳትተው። ሂሳቡን ግን እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ 130 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ፒያሳ ስትደርስ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከጠጣህ ላብህ ሳይደርቅ ያው ተመለሰ፤ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ነው ያለው። ክብደት በዋናነት የሚቀንሰው ገበታ ላይ ነው። እንቅስቃሴ የቀነሰው እንዳይመለስ ያግዛል። ሚዛኑ ባይነቃነቅም ለልብህና ለደም ግፊትህ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በጾም ሥጋም ቅቤም አልነካ፤ እንዴት እወፍራለሁ?

መልስ፦ እትዬ፣ ጾሙ አይደለም ያወፈረዎት። ሽሮውም ምስሩም ጥሩ ምግብ ነው። ነገሩ ያለው ዘይቱ ላይ ነው፤ ሳምቡሳውና ፓስቲውም ያው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የእኔ እናት ሽሮ ስትሠራ ዘይቱን በቀጥታ ከጀሪካኑ ነበር የምታንቆረቁረው። አንድ ቀን «እስቲ በማንኪያ እንቁጠረው» አልኳት። ለአራት ሰው 9 ማንኪያ ሆነ። ደነገጠች። አሁን 4 ይበቃታል። ሽንኩርቱን በዝግታ፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች፤ ጣዕሙ ምንም አልጎደለም። ለእያንዳንዳችን 150 ካሎሪ ቀነሰ። ይህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ ቦርጭ ያጠፋል?

መልስ፦ አያጠፋም። ስኳር በበዛበት ሻይ ፋንታ ከጠጣሽው ግን የስኳሩ መቅረት ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.60፣ ክብደቴ 80 ነው። ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል» ይለኛል።

መልስ፦ በፍቅር ነው የሚሉሽ፣ አውቃለሁ። 80ን ለ1.60 አካፍዪ፤ የመጣውን እንደገና ለ1.60። 31 ይሆናል። ከ30 ጀምሮ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እባክሽ እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ግፊትሽንና ስኳርሽን ተለኪ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ለጂም የሚሆን ብር የለኝም።

መልስ፦ ጂም ግዴታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል። ከመውረጃህ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለህ «ወራጅ አለ!» በል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መስቀል አደባባይ ብቅ በል፤ ደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው አታጣም። ጉልበትህን የሚያምህ ከሆነ ደረጃውን ተወውና ሜዳውን ዙር።