የወንድማችንን አመድ ጣና ላይ እንበትን ወይስ እንቅበር?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ካቶሊክ ነበር፣ ጣሊያን አግብቶ ይኖር ነበር፣ ነሐሴ ላይ አረፈ። ሚስቱ አስከሬኑን አስቃጥላ አመዱን ልትልክልን ነው። ለጥምቀት መጥቶ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ለኔና ለእህቴ «ስሞት አመዴን እዚህ በትኑልኝ» ብሎን ነበር። እማዬ ግን ካልተቀበረ አይሆንም ብላ እያለቀሰች ነው። ቃሉን የመፈጸም ግዴታ አለብን? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ ነፍስ ይማር፣ እናትሽንም እግዜር ያጽናቸው።

በሕግ አትገደዱም። ሞቱ እንደቀረበ ተሰምቶት ሁለት ሰው ፊት ተናግሮት ከሆነ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜ ነው የሚባለው፣ በቃል መናዘዝ ከሚቻልባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱም ቀብር ነው፣ እስከዚህ ጥሩ ነበር፣ ግን ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል፣ ከጥር እስከ ነሐሴ ስንት ወር እንደሆነ ቁጠሪው። በጽሁፍ የተወው ነገር ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሚስቱን ጠይቂያት።

ደሞ የገዛ ቤተክርስቲያኑም መበተንን አትፈቅድም። ማቃጠሉን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ፈቅዳለች፣ እምነቱን በመቃወም እስካልሆነ ድረስ፣ ምርጫዋ ግን መቀበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቫቲካን ያወጣው መመሪያ አመዱ መካነ መቃብር ወይ ሌላ የተቀደሰ ቦታ ይረፍ ይላል፤ አየር ላይ፣ መሬት ላይ፣ ውሃ ላይ መበተን የለም፣ ሀብል ውስጥ ከቶ አንገት ላይ ማሰርም የለም (ይሄን ያልኩት ሰው አንዳንዴ እንደዛ ስለሚጠይቀኝ ነው)። የኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚመሩበት እ.ኤ.አ. የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናም ስለተቃጠለ ብቻ ፍታት አይከለክልም። ስለዚህ እናትሽ የጠየቁት ከልጃቸው እምነት ጋር አይጋጭም፣ እንደውም እሱ ነው ትክክሉ።

አሁኑኑ የባህር ዳር ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሄዳችሁ አባን አናግሯቸው፣ አመዱ ከመምጣቱ በፊት። እናንተ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የሰፈራችሁ ደብር ቦታ ይሰጠናል ብላችሁ ሳትጠይቁ ጉድጓድ እንዳታስቆፍሩ፣ በር ላይ መመለስ ከባድ ነው። ሚስቱ የሞት ሰርተፍኬቱንና የማቃጠያ ወረቀቱን እዛ ባለው ኤምባሲያችን አረጋግጣ ትላክ፣ ለውርሱም ይፈለጋል።

ወጪውን በተመለከተ፣ የቀብር ወጪ ከሟቹ አቅም ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ ከውርሱ ላይ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ያዙ። ተዝካር ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ የድንኳንና የጠላውን ሂሳብ ለሚስቱ እንዳትልኩባት።