የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሻካራ የእንጨት ባንኮኒ ለቤት

ጥያቄ፦ ሳሎን ጥግ ላይ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ባንኮኒ በራሴ እጅ መሥራት እፈልጋለሁ። ልኩ ስንት ይሁን? አጽሙስ በምን ይሠራ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚለኩት የሚቀመጡበትን ዱካ ነው። ባንኮኒው ካለቀ በኋላ ዱካ ፍለጋ የወጣ ሰው ወይ ጉልበቱ ይጋጭበታል ወይ ክርኑ አየር ላይ ይቀራል። ከመቀመጫው እስከ ባንኮኒው ገጽ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ. ይተዉ። መቀመጫው 75 ሴ.ሜ. ከሆነ ባንኮኒው 105 ሴ.ሜ. ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ወደ ጎን 60 ሴ.ሜ. ስለሚያስፈልግ ለሦስት ሰው 180 ሴ.ሜ. ርዝመት ይበቃል። ከኋላ ለሚቆመው ሰው ደግሞ 90 ሴ.ሜ. ያህል መተላለፊያ ያስፈልጋል። ጥጉ ያን ካልፈቀደ ባንኮኒውን ያሳጥሩ እንጂ መተላለፊያውን አያጥብቡ።

ለአጽሙ 5 በ10 ሴ.ሜ. የሆነ ቀጥ ያለ ሞራሌ ይምረጡ። የገጹ ውፍረት 4 ሴ.ሜ. ከሆነ ለፊት ግድግዳው 180 ሴ.ሜ. የሆኑ ሁለት አግዳሚዎች፣ 91 ሴ.ሜ. የሆኑ አምስት ቋሚዎች ይቁረጡ። ቋሚዎቹ በየ45 ሴ.ሜ. ይቆማሉ። ጎኖቹን በ40 ሴ.ሜ. ጥልቀት በዚያው አሠራር ገጥመው ከኋላ በመደርደሪያ ያያይዟቸው። በምስማር ብቻ የተመታ አጽም ሰው በተደገፈበት ቁጥር እየላላ ይሄዳል፤ መጋጠሚያውን ቀድመው በትራፓኖ በስተው በብሎን ያጥብቁት።

ገጹ ለጉልበት ቦታ እንዲሰጥ በእንግዳው በኩል 25 ሴ.ሜ. ወጣ ይበል፤ አጠቃላይ ስፋቱ 65 ሴ.ሜ. ይሆናል። ነገር ግን ከባድ ሰው በክርኑ ሲጫነው ባንኮኒው ወደ ፊት መውደቅ ይችላል። ጠርሙሱን ታች ደርድሬ አከብደዋለሁ ብለው አይተማመኑ፤ ጠርሙስ ያልቃል። አጽሙን ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ያያይዙት።

ጥያቄ፦ የፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት ርብራብ) እንጨት ይሆናል?

መልስ፦ ለፊት ልባስ በጣም ያምራል፤ ለገጹ ግን ቀጭን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ማህተም ያንብቡ። «ኤችቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በሙቀት የታከመ መሆኑን ያመለክታሉ፤ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። «ኤምቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና ቤት አያስገቡት። ማህተም የሌለውን ወይም የፈሰሰበት ነገር የሚታይበትንም ይተዉት። ጣውላውን በጉጠት ፈልቅቀው ሲያነሱት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ በጣውላውና በተሸካሚው መሃል የብረት መጋዝ አስገብተው ምስማሩን ይቁረጡት። የቀረው የምስማር ራስ ለሻካራው መልክ ይስማማል። ልባሱን ከመምታትዎ በፊት ከኋላው ያለውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ፤ ያለበለዚያ ጣውላው ሲደርቅ በክፍተቱ ነጭ ይታያል።

ጥያቄ፦ ገጹን ከሦስት ወፍራም ጣውላዎች በኮላ ገጥሜ፣ ከአጽሙ ጋርም በኮላና በብሎን አጥብቄ ሠራሁት። ላዩን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። በሦስተኛው ወር መሃሉ ወደ ላይ ጎበጠ፤ አንድ ቦታም ተሰነጠቀ። እንጨቱ መጥፎ ነበር?

መልስ፦ እንጨቱ መጥፎ ላይሆን ይችላል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። 65 ሴ.ሜ. ወርድ ያለው ገጽ እርጥበቱ ከ16 ወደ 10 ከመቶ ቢወርድ 1 ሴ.ሜ. ያህል ሊጠብ ይችላል። እርስዎ ላዩን በቫርኒሽ ዘጉት፣ ሥሩን ባዶ ተዉት። ሥሩ ፈጥኖ ደረቀና ጠበበ፤ መሃሉ ተነሳ። ኮላውና ብሎኑ መንቀሳቀሻ ስለከለከሉት ደግሞ በደካማው መስመር ተሰነጠቀ።

ኮላው ከለቀቀ ገጹን ያንሱና በቀጫጭን እንጨቶች ላይ አጋድመው፣ ከላይም ከታችም አየር እያገኘ፣ ባለበት ክፍል ሁለት ሦስት ሳምንት ያቆዩት። ጉብጠቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ድንጋይ ጭኖ ማቃናት አይሞከር፤ ሲያነሱት ይመለሳል። ስንጥቁን በስቱኮ ብቻ አይድፈኑት፤ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ስቱኮው ይወጣል። ከጠንካራ እንጨት የቢራቢሮ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ሠርተው ስንጥቁን አቋርጠው 15 ሚ.ሜ. ጥልቀት ይቅበሩ። በሻካራ ባንኮኒ ላይ ጌጥም ናቸው።

ሲመልሱት የፊቱን ጠርዝ ብቻ በብሎን አጥብቀው ይያዙ። በኋላው በኩል የክርን ቅርጽ ያለው ብረት ይጠቀሙ፤ ቀዳዳው ወደ ወርዱ የተዘረጋ፣ ቢያንስ 15 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ይሁን። 5 ሚ.ሜ. ብሎን ከነሮንዴላው መሃሉ ላይ ያስገቡ፤ ይያዝ እንጂ አይታነቅ። በገጹና በአጽሙ መካከል ኮላ አይግባ። ከዚያ ላዩን፣ ሥሩንና የተቆረጡትን ጫፎች እኩል ጊዜ ይቀቡ። ጫፎቹ ከሁሉ ይበልጥ እርጥበት ስለሚመጥጡ አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ብርጭቆ ያስቀመጥኩበት ቦታ ሁሉ ነጭ ቀለበት ይወጣል። ምን ልቀባው?

መልስ፦ ቀለበቱ ቅቡ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ሰም ውኃ በደንብ አይከላከልም፤ ሼላክ የሚባለው ቅብ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል፤ ለባንኮኒ ሁለቱም አይሆኑም። ገጹን እስከ እንጨቱ ፍቀው በ80፣ በ120፣ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጭረቱ አቅጣጫ ያለስልሱና ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ቫርኒሽ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። በየመሃሉ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ዳሰስ ያድርጉት። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ልገላገል ያለ ሰው ውስጡ ሳይደርቅ ቆዳ ያበጅበታል። በማግሥቱ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ በዘይት የተበጀው ዓይነት ግን ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ነው። እስከዚያ እርጥብ ጠርሙስ አያሳርፉበት። የቀቡበትን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደው አይጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚግል ክምሩ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ በሞላ የብረት ጣሳ ይንከሩት።