ሰፊ ቸርኬ ገዝቻለሁ፤ ስንት ቁጥር ጎማ ልግጠም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ የምነዳው ቪትዝ ነው። ሰሞኑን ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዛሁ። አራት ቀዳዳ ነው፣ ብሎኑ ላይ ልክክ ብሎ ገብቷል። ጀርባው ላይ «15×7 ጄ፣ ኢቲ 35» ይላል። የፋብሪካው ብረት ቸርኬ «14×5 ጄ፣ ኢቲ 39» ሲሆን ጎማው 165/70 አር 14 ነው። ጎሚስታው 185/60 አር 15 አለኝ፣ አየር በደንብ ሲሰጠው ተለጥጦ ይቀመጣል ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ 215 ካላረግክበት ሰፊ ቸርኬ ለምን ገዛህ ብሎ ይጨቀጭቀኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሁለቱንም አትስማ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታ፦ 185/60 አር 15 ሲባል 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 60 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የሚገባበት ቸርኬ ቁመት በኢንች ነው፤ ቸርኬው ላይ ያለው 15×7 ደግሞ 15 ኢንች ቁመት፣ 7 ኢንች ስፋት ማለት ነው። ጎማውን የሚወስነው የቸርኬው ስፋትና መኪናው ያለው ቦታ ነው። እያንዳንዱ የጎማ ቁጥር ከዚህ እስከዚህ የሚባል የቸርኬ ስፋት አለው። 185/60 አር 15 ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ነው፤ ያንተ 7 ነው፣ አለቀ። 195/55 አር 15 ከ5.5 እስከ 7 ይሄዳል። 205/50 አር 15 ደግሞ ከ5.5 እስከ 7.5።

«አየር ሲሰጠው ይለጠጣል» የሚለው ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ይለጠጣል። አንድ ክረምት እኔም 7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 185 አስለጥጬ ስነዳ ነበር። ከሱሉልታ ስመለስ የቀኝ የኋላው ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ያን ያህል አልፈጠንኩም። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማሁና ወረድኩ። የጎማው ጠርዝ ከተቀመጠበት ወጥቶ ጭቃ በመሃል ገብቷል፣ የቸርኬው ከንፈር አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጎማው ራሱ አልተቀደደም። የተለጠጠ ጎማ ጎኑ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል የቸርኬው ከንፈር ተጋልጦ ይቀራል፣ ኮብልስቶኑንም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው፤ አየር ትንሽ ሲቀንስ ደግሞ ጠርዙን አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም። ከኋላህ ልጆች ተቀምጠው ይሄ እንዲገጥምህ አልፈልግም።

215 ደግሞ ቸርኬው ላይ ይገባል፣ ቪትዝ ላይ ነው የማይገባው። ስሌቱን አብረን እንየው። አዲሱ ቸርኬ ከድሮው በ2 ኢንች ይሰፋል፣ ማለትም በእያንዳንዱ በኩል 25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ኢቲ የሚባለው ቁጥር (ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት ፊት ከስፋቱ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ የሚናገረው) ከ39 ወደ 35 ስለወረደ ደግሞ ቸርኬው በሙሉ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተገፍቷል። ስለዚህ ወደ ውጭ 29፣ ወደ ውስጥ 21 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በቪትዝ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ቆርቆሮ) ስር 29 ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ገና ሳትገዛ ጠይቀኸኝ ቢሆን 6 ኢንች ነበር የምልህ።

አሁን ግን ገዝተሃል። የኔ ምርጫ 195/55 አር 15 ነው። የድሮው ጎማህ ቁመት ከጫፍ ጫፍ 587 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይሄኛው 596 ይሆናል። ልዩነቱ 1.5 ከመቶ ነው፣ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል አንተ 81 ላይ ነህ ማለት ነው፣ ችግር የለውም። በቁመት ብቻ ቢሆን 205/50 ይበልጥ ይቀርባል፣ 586 ነው። ግን ከመንገዱ እስከ ቸርኬው ያለው የጎማ ጎን የድሮው 115 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በ195/55 107 ይሆናል፣ በ205/50 ወደ 102 ይወርዳል። ዋናውን አስፋልት ለቀህ ወደ ሰፈርህ የምትገባበትን ኮረኮንች አስበው። እዚያ ላይ ቸርኬህን የሚያድነው የጎማው ጎን ነው፣ አምስት ሚሊም ብትሆን አልለቃትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ 7 ኢንች ለ195 የመጨረሻው ልክ ነው። 195 ስለተባለም 195 ሆኖ አይቀመጥም፣ ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር ጎማው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ጎማ ሳትገዛ ባዶውን ቸርኬ ግጠመው። በክሪክ አንሳው፣ በእጅህ አሽከርክረው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙር፣ ሾክ አብዞርበሩ ጋ ያለውን ክፍተት በጣትህ እየው። ከዚያ ጎማ ሲገባ አራት ሰው ጭነህ ጉብታ ላይ ቀስ ብለህ እለፍ። የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማው ላይ ጭረት ከተወ ቸርኬውን መልሰህ ሽጠው። ፓራፋንጎ በመዶሻ አጥፎ ማስገባት መፍትሄ አይደለም፣ ቀለሙ ይሰነጠቅና ዝገት ይጀምራል።

ስፋቱ ያልተጻፈበት ቸርኬ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ለኩት፣ ግን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ አይደለም። የሚለካው ጎማው በሚቀመጥበት በውስጠኛው በኩል ነው። ከውጭ የለካ ሰው 7ቱን 8 ብሎ ጎማ ይገዛል፣ እንዲህ ዓይነት ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ።

የመሃል ቀዳዳውንም እይ። የቪትዝ ሞዞ፣ ማለትም የቸርኬው መሃል ቀዳዳ የሚገባበት ክብ ብረት፣ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ተለዋጭ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሰፋል፣ መሃሉ ላይ የሚገባ ቀለበት ካላደረግክበት ባላንስ አሠርተህም መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጎማው ላይ ያለው የጭነት ቁጥርም ከድሮው እንዳያንስ፤ ያንተ 81 ከሆነ አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዳዶዎቹን ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ መልሰህ አጥብቃቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሰበታ ነው። ለሰፊው ቸርኬዬ 205/55 አር 16 ጎማ አገኘሁ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያልተነካ። ጎኑ ላይ 1416 ይላል፣ ሻጩም «የ2016 ምርት ነው፣ ገና አዲስ» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢው። ያ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የ2016 14ኛ ሳምንት ማለት ነው። በኛ 2008 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ገደማ ይሆናል። ሻጩ ምናልባት ራሱም ተሳስቶ ይሆናል፣ ግን በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ያህል አለ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑን በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ ጥርሱ ስር በስልክሽ መብራት ብታዪው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ልታገኚ ትችያለሽ። ባታገኚም ተዪው፣ ዝናብ ላይ ደረቅ ጎማ አይዝም። ቸርኬሽ ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ልክ ነው፣ ያንኑ 205/55 ቅርብ ጊዜ የተመረተውን ፈልጊ። የአራቱንም ጎማ የምርት ቁጥር ደግሞ አንድ በአንድ አንብቢ፣ አራቱ ጎማዎች የተለያየ ዓመት ሆነው የሚሸጡበት ጊዜ አለ።