ጀሪካኑ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ትዕግሥቴ ካለቀ በኋላ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍልና ከሌላ ተከራይ ጋር በምንጋራት ማድቤት እንተዳደራለን። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ካረፉ ወዲህ ከመንዝ መጥተው አብረውን ይኖራሉ። እሳቸውን መጦር አልከበደኝም፤ የከበደኝ ዕቃቸው ነው።

አማቴ ባዶ ዕቃ ሲጣል ማየት አይችሉም። ዘይት ያለቀበት ጀሪካን፣ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የማርማላታ ብርጭቆ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ጎረቤት የጣለው የቀለም ባልዲ ሳይቀር ታጥቦ ይቀመጣል። ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ባዶ ቦታ የለም፤ ልጆቹ ደብተራቸውን የሚዘረጉት አልጋ ላይ ነው። ጣሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሽሮ ስፈልግ በርበሬ እከፍታለሁ። ይህ ሁሉ ዕቃ እያለም ከሸዋ ሮቢት የመጣልን ማሾ በከረጢቱ እንዳለ ነቅዞ ግማሹን ጣልነው። አንድ ነገር ስናገር «በሰባ ሰባት ያየነውን ብታዪ ኖሮ ጣሳ አትንቂም ነበር» ይሉኛል፤ ባለቤቴም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

እውነቱን ለመናገር ባዶ ዕቃ ሁሉ ጥቅም የለውም አልልም። እኔ ራሴ የመረጥኳት አንዲት ነጭ ጀሪካን አለችኝ። ወንድሜ ከእርሻው ያመጣልኝ የአረም መድኃኒት የነበረባት ናት፤ በፈላ ውሃና በኦሞ፣ ከዚያም በአመድ ደጋግሜ አጥቤያት ሽታዋ ጠፍቷል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠጣውን የምናጠራቅመው በእሷ ነው። ክዳኗ አጥብቆ ይገጥማል፣ ቦታም አትፈጅም። የአማቴ ኮተት እንደ እሷ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩልዎት ነበር።

አከራያችንም በዕቃው ብዛት ማጉረምረም ጀምረዋል። እንግዳ ሲመጣ የት እንደማስቀምጥ ይጨንቀኛል። አማቴ በቅርቡ ለባለቤታቸው ተዝካር ወደ መንዝ ይሄዳሉ፤ እሳቸው በሌሉበት ቁራሌውን ጠርቼ ሁሉንም ብሸጠውና ሲመለሱ ልጆቹ ሰባበሩት ብላቸው ነውር ይሆንብኛል?

ቦታ የጠበበኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ ሆይ፣ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና ነጯን ጀሪካን ባዶ አድርጊያት። ውሃውን ለልጆችሽ አትስጪ፣ ቡና አታፍዪበት፣ ለዶሮም አታጠጪ።

ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ ብዙ ጠንቃቃ እናቶች የሚያደርጉት ነው። ነገር ግን እንጀራ ወጡን መጥጦ እንደሚይዝ ሁሉ የጀሪካን ፕላስቲክም መርዙን ወደ ገላው ስለሚያስገባ፣ ኦሞና አመድ የሚያነሡት ላይ ላዩን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ውሃ በተቀመጠበት ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ሽታው መጥፋቱም መርዙ መጥፋቱን አያሳይም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ባወጡት የፀረ ተባይ አያያዝ ደንብ፣ የመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል መደረግ አለበት። ወንድምሽን የመድኃኒቱን ስም ጠይቂውና ጻፊው፤ ከቤተሰቡ የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ካለ ስሙን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎን፣ ነውር ነው። አንዲት እናት የባላቸውን ተዝካር ለማውጣት በሄዱበት ቤታቸውን ማራገፍ፣ በዚያም ላይ ልጆችን የውሸት ምስክር ማድረግ፣ ከጥበቱ የባሰ ችግር ወደ ቤትሽ ያስገባል። ቁራሌው የሚገዛውም ቢሆን ተፈጭቶ አይጠፋም፤ ደኅና ጀሪካን ታጥቦ ገበያ ይወጣል። «ሁሉንም» ብለሽ ስትሸጪ ያቺም ነጭ ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደያዘች ለማታውቅ ሌላ እናት ትደርሳለች።

ዝርዝርሽን ደጋግሜ ሳነበው ልቤ ወደ አማትሽ አዘነበለ። ዘይት፣ ወተት፣ ውሃ፣ ማርማላታ፤ እሳቸው ያጠራቀሙት ከሞላ ጎደል ምግብ የነበረበት ዕቃ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ሰሜን ሸዋንም የመታ ስለሆነ፣ ስለ ሰባ ሰባት ሲናገሩ የሚያወሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። ጎታና ዲብኝት ከነበረው ቤት ወጥተው አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ፣ እህል የሚያኖሩበትን ነገር መፈለጋቸው ምን ያስገርማል? ስለዚህ ዕቃውን የምትለዩት ከእሳቸው ጋር ተቀምጣችሁ ይሁን፤ እያንዳንዱን ስታነሡም መጀመሪያ ምን ነበረበት ብላችሁ ጠይቁ። ምግብ የነበረበት ለምግብ ይቆይ። የቀለም ባልዲው ለጫማ ወይም ለከሰል፣ ከረጢቱም እውነተኛ ማዳበሪያ የነበረበት ከሆነ ለክረምት ብርድ ልብስ ይሁን እንጂ እህል አይግባባቸው። ነጭ ጋዝና በረኪና ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

የናቅሻቸው ሃይላንዶች ማሾሽን ያድኑልሽ ነበር። ነቀዙ ብዙውን ጊዜ እንቁላሉ ከማሳ ወይም ከገበያ አብሮ ይመጣና አየር በሚያስገባ ከረጢት ውስጥ ይራባል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗ ከቆላው ይልቅ በዝግታ ነው የሚራባው፤ ይህ ላንቺ ጥሩ ዕድል ነው። ማሾውን በደረቅ ፀሐይ አስጥተሽ በጥርስሽ ሞክሪው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተጨፈለቀ ግን ገና ነው። ጠርሙሱንም አጥበሽ አፉን ደፍተሽ ጠብታ እስከማይቀርበት ድረስ አድርቂው። ከዚያ እየመታሽ እስከ አፉ ሙዪውና በላዩ ቁራጭ ፌስታል አድርገሽ ክዳኑን አጥብቂ። በውስጡ የቀረው ነቀዝ ያለውን ጥቂት አየር ጨርሶ ይሞታል፤ ቢያንስ አንድ ወር ሳትከፍቺ አቆዪው። ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚይዝ አንዱን ስትከፍቺ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል፤ ትልቅ ከረጢት ይህን አይሰጥሽም። ባለ 20 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ከ15 እስከ 16 ኪሎ ምስር ይይዛል። ዘይቱ ግን በፈላ ውሃና በሳሙና በደንብ ይልቀቅ፤ የቀረው ቅባት ይሻግትና እህሉን ያሸተዋል።

ሽሮና በርበሬ ብርሃን በማያስገባ ጣሳ ይሁኑ። ከወፍጮ እንደመጡ ትኩስ ሳሉ አትክደኛቸው፤ ያልባቸውና ይሻግታሉ። አማትሽ ማንበብ ባይችሉ እንኳ እንዳይምታታባችሁ፣ በበርበሬው ጣሳ ላይ ቀይ ክር፣ በሽሮው ላይ ቢጫ ክር እሰሩ፤ በምስሩና በማሾው ክዳን ላይም የራሳቸውን ፍሬ በሙጫ ለጥፉ።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። የአልጋውን እግሮች በብሎኬት ከፍ አድርጉና የተሞሉትን ጀሪካኖች አፋቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ በጎናቸው አስተኟቸው። ሲሚንቶው እርጥበት ስለሚሰጥ ከሥራቸው ጣውላ ይነጠፍ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቁ። የተሰነጠቀ ጀሪካን ካለ አንድ ጎኑን በቢላ ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ እጀታውን እንደ መሳቢያ ጆሮ ብትጠቀሙበት የልጆቹ ደብተር ማኖሪያ ይሆናል። ከአልጋው ሥርና ከቁም ሳጥኑ ላይ የተረፈውን አማትሽ ራሳቸው መርጠው ለቁራሌው ይሽጡት፣ ገንዘቡም የእሳቸው ይሁን። ባለቤትሽ ደግሞ ዝምታውን ትቶ ብሎኬቱን ያምጣ፤ የእናቱና የሚስቱ ጉዳይ ነውና።

ነጯን ጀሪካን በሚስማር ብዙ ቦታ ብሷት፤ አታቃጥሏት፣ ለማንም አትስጧት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ለወንድምሽ መልሱለት፤ እሱም ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስረክብ። ዛሬውኑ ደውይለትና በቤቱ ሌሎች እንዲህ ያሉ ጀሪካኖች ውሃ ወይም ጠላ ይዘው እንደሆነ፣ ለጎረቤትም ሰጥቶ እንደሆነ ጠይቂው።